መጽሐፍን በቪዲዮ ስለ ማስተዋወቅ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ የጽሑፍን ጥቅም በአጭር ቃል ገልጠውልናል። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ ሊወረስ የሚችለው አስቀድሞ ሲነበብ ነው፤ ሊነበብ የሚችለውም መኖሩ ሲታወቅ ነው። ታትሞ በደራሲው አልጋ ሥር በካርቶን ታሽጎ የሚኖር መጽሐፍ በቃል ካለው ነገር የሚበልጥበት ምክንያት እምብዛም አይታይም። ስለዚህ መጽሐፍ መጻፍ አንድ ሥራ ሲሆን መጽሐፉን ለሕዝብ ማስታወቅ ደግሞ ሌላ ሁለተኛ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ ሁለተኛው ሥራ በቪዲዮ እንዴት እንደሚፈጸም፥ ጥቅሙና ጉዳቱም ምን እንደ ሆነ ነው።

በአገራችን ብዙ ደራስያን የማተሚያውን ዋጋ የሚከፍሉት ከራሳቸው ኪስ አውጥተው ወይም ከወዳጅ ዘመድ ተበድረው ነው። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን ተቀብሎ መጽሐፉን ካስረከበ በኋላ የቀረው ጣጣ ሁሉ የደራሲው ነው። አከፋፋዩ ድርሻውን ይወስዳል፤ መጽሐፍ ሻጩም እንዲሁ የድካሙን ያነሣል። ደራሲው አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ የምረቃ በዓል አዘጋጅቶ ወዳጆቹን ይጠራል፤ ጋዜጠኛ ያገኛል፤ በየመንገዱ መጽሐፍ ተሸክመው የሚያዞሩትን ወጣቶች ይለምናል። ነገር ግን ደራሲው በወረዳ ከተማ የሚኖር መምህር፥ የጤና ረዳት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የሆነ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ይርቀዋል። ከደጀን ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመግባት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። ከዚህም ውስጥ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የዓባይን በረሃ በጥምዝምዝ ወርዶ በጥምዝምዝ የሚወጣ ነው። አዲሱ ድልድይ መሻገሪያውን እንዳቀለለው የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በአውቶቡስ የሚሻገረው ሰውና ዕቃ ነው እንጂ የመጽሐፍ ዝና አይደለም። ቪዲዮ ግን ያንን ሸለቆ በቅጽበት ይሻገራል። ለገጠር ደራሲ የቪዲዮ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ወደ ቪዲዮ ከመድረሳችን በፊት ድምፅ ለመጽሐፍ የዋለውን ውለታ ማስታወስ ይገባናል፤ ምሳሌውም ከዚሁ ከጎጃም የወጣ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ስፍራ ተወለዱ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለዳቸው በ1958 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ከሚችሉትም መካከል ይህን የመሰለ ወፍራም መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ከጥቂቱም ጥቂት ነበር። በኋላ ዘመን ግን ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ተረከው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን፥ ጉዱ ካሣንና ፊታውራሪ መሸሻን ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሁሉ እንደ ጎረቤቱ አወቃቸው። ገበሬው ከእርሻ ተመልሶ፥ የቤት እመቤቷም እሳት ዳር ተቀምጣ ያዳምጡት የነበረው መጽሐፍ ነው። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በደራሲው ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ፤ ድርሰቱም በቅርብ ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀርቧል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ወጋየሁ ንጋቱ ስለ መጽሐፉ ግሩምነት ብቻ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ማንም ባላስታወሰው ነበር። እርሱ ግን መጽሐፉን ራሱን አሰማ። መጽሐፍን ከሁሉ በላይ የሚያስወድደው የራሱ ቃል ነው።

የውጭው ዓለምም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ አለው። በፈረንሳይ አገር በርናር ፒቮ የተባለ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990 ድረስ «አፖስትሮፍ» የተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ይመራ ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ደራስያንን ሰብስቦ ስለ መጻሕፍታቸው ያወያይ ነበር። በዝግጅቱ የቀረበውን መጽሐፍ ሕዝቡ በማግሥቱ ከመጽሐፍ መደብር ይጠይቅ ስለ ነበር ነጋዴዎቹ አስቀድመው ይዘጋጁ ነበር። ይሁን እንጂ በቴሌቪዥን የመቅረብ ዕድል የሚያገኘው ከብዙ ደራስያን መካከል የተመረጠው ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ብዙ ደራስያንን አቅርቧል፤ ነገር ግን ለሁሉ የሚዳረስ ሰዓት ሊኖረው አይችልም።

ይህን ነገር የለወጡት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ዩቲዩብ ነው፤ ማንም ሰው የራሱን ቪዲዮ በነጻ ለዓለም እንዲያሳይ በር ከፈተ። ሁለተኛው ካሜራና ማይክሮፎን በአንድነት የያዘው የእጅ ስልክ ነው። ከዚያም ቲክቶክና ቴሌግራም ተከተሉ። ማድሊን ሚለር የምትባል የላቲንና የግሪክ ቋንቋ ያስተማረች ደራሲ በአሜሪካ አገር አለች። ስለ ጥንታዊው የግሪክ ጀግና ስለ አኪሌስ የጻፈችው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ወጣት አንባብያን መጽሐፉን አንብበው ሲያለቅሱና ሲደነቁ የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎችን በቲክቶክ ስለ ለቀቁ መጽሐፉ ከ10 ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተነሥቶ በብዛት ከሚሸጡት መጻሕፍት ተርታ ገባ። ቪዲዮዎቹን የሠሩት እንደ እኛ ያሉ ተራ አንባብያን መሆናቸውን ልብ ይሏል። በእኛም አገር የጎጃሙ ተወላጅ በዕውቀቱ ሥዩም በመድረክ ላይ ሲያነብና ሲያወጋ የተቀዱት ቪዲዮዎች ወደ መጽሐፍ መደብር ጎራ ብሎ ከማያውቅ ሰው ዘንድ ሳይቀር ደርሰዋል።

እንግዲህ መጽሐፍን የሚያስተዋውቅ ቪዲዮ በአራት ዓይነት ሊከፈል ይችላል።

1ኛ፤ ደራሲው ራሱ መጽሐፉን ለምን እንደ ጻፈ በአጭሩ የሚናገርበት ነው።

2ኛ፤ ደራሲው ወይም ድምፁ ያማረ ሌላ ሰው ከመጽሐፉ አንድ ክፍል መርጦ የሚያነብበት ነው።

3ኛ፤ አንባቢ መጽሐፉን አንብቦ የተሰማውን የሚመሰክርበት ነው።

4ኛ፤ በመጽሐፉ የተነገረው ስፍራ ወይም ነገር በሥዕል እየታየ ጥቂት ቃል የሚጨመርበት ነው። ለምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለማስተዋወቅ የፈለገ ሰው የታሪኩ ዋና ስፍራ የሆነው ዲማ ጊዮርጊስ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ስለ ሆነ ከአንድ ስልክ በቀር ብዙ ወጪ አያስፈልገውም።

ከእነዚህ ለየትኛው መጽሐፍ የትኛው እንደሚስማማ መለየት ያሻል። የግጥም መጽሐፍ ሲነበብ ያምራል፤ ስለዚህ 2ኛው ይስማማዋል። የታሪክ መጽሐፍ ስፍራና የቆየ ፎቶግራፍ ይፈልጋል፤ 4ኛው ይሻለዋል። ስለ እርሻ፥ ስለ ጤና ወይም ስለ ሂሳብ የተጻፈ መጽሐፍ ደግሞ ከመጽሐፉ አንድ ጠቃሚ ነገር በተግባር ሲያሳዩ ይወደዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። በደጀን ገበያ ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ይዘረጋል፤ እብቁን እፍ ብሎ፥ አሸዋ ያለበት እንደ ሆነ ፈልጎ፥ ንጣቱን አይቶ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይጠይቃል። ሻጩም በዚህ አይቀየምም፤ እህሉ ጥሩ ከሆነ እፍኙ ይመሰክርለታል። የመጽሐፍ ቪዲዮ ይህችው እፍኝ ናት። ከዚህም ሁለት ሕጎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፥ እፍኙ ከዚያው ከጆንያው መሆን አለበት። ማለትም በቪዲዮው የሚታየው ነገር በእርግጥ በመጽሐፉ ያለ መሆን ይገባዋል። ሳቅ የሌለበትን መጽሐፍ በሳቅ ያስተዋወቀ፥ ወይም «ይህን ያላነበበ ሰው አልኖረም» እያለ የጮኸ ደራሲ አንድ ጊዜ ይሸጥ ይሆናል፤ ሁለተኛ መጽሐፉን ሲያወጣ ግን የተታለለው ገበያተኛ ወደ ሌላ ጆንያ ይሄዳል። ሁለተኛው፥ እፍኝ እፍኝ ነው እንጂ ጆንያ አይደለም። ለቅምሻ የወጣው ነገር እህሉን ሁሉ የጨረሰ እንደ ሆነ ገበሬው ባዶ ጆንያ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን ሁለተኛውን ሕግ አጥብቀን መናገራችን በከንቱ አይደለም። ዛሬ በዩቲዩብ ላይ «ትረካ» እየተባለ መጽሐፍን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ከደራሲው ጋር ተስማምተው የሚሠሩ አሉ፤ እነርሱ ሊመሰገኑ ይገባል። ደራሲውን ሳይጠይቁ የሚሠሩ ግን ሞልተዋል። «ወጋየሁ ንጋቱም እኮ መጽሐፍ በሬዲዮ ይተርክ ነበር፤ መጽሐፉንም የበለጠ አስወደደው እንጂ አልጎዳውም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱን ማስተዋል ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የሬዲዮው ትረካ በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ ያልፍ ነበር፤ ያመለጠውን ክፍል ለማግኘትና ታሪኩን በእጁ ለማኖር የፈለገ ሰው መጽሐፉን መያዝ ነበረበት። በዩቲዩብ የተቀመጠ ትረካ ግን ሌሊትም ቀንም በዚያው አለ፤ መጽሐፉን የመፈለግን ምክንያት ያጠፋዋል። ደግሞም በቪዲዮው ላይ ከሚታየው ማስታወቂያ የሚገኘው ገንዘብ ለለቀቀው ሰው ነው እንጂ ሌሊቱን ተቀምጦ ለጻፈው ሰው አይደለም።

ሕጉም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፥ ቁጥር 410፥ አንድ ድርሰት በደራሲው የሕይወት ዘመንና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ በዚህ አቈጣጠር የድርሰታቸው መብት ገና ብዙ ዘመን ይቀረዋል። ይኸው አዋጅ የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም እየጠቀሱ አጭር ጥቅስ መውሰድን አይከለክልም። ስለዚህ አንድ አንቀጽ አንብቦ መጽሐፉን ማመልከት የተፈቀደ ነው፤ መጽሐፉን በሙሉ አንብቦ መልቀቅ ግን ያለ ፈቃድ አይሆንም። ለማስተዋወቅ ብለን የምንጨምረው ዘፈን፥ የክራር ወይም የዋሽንት ዜማም ባለቤት እንዳለው አንርሳ፤ ደራሲውን ለመጥቀም ብለን ድምፃዊውን መጉዳት አይገባንም።

ከዚህ ቀጥሎ የአሠራሩን ነገር በጥቂቱ እንመልከት።

ርዝመቱ፤ አንድ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል። አንድ የመጽሐፍ ገጽ ረጋ ብሎ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚነበበው ክፍል ከግማሽ ገጽ እንዳይበልጥ መምረጥ ነው። የምርጫው ጥበብ አድማጩ «ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ?» ከሚልበት ላይ ማቆም ነው። የታሪኩን መጨረሻ የሚናገር ቪዲዮ ግን መጽሐፉን ለመግዛት ምክንያት አይተውም። ማጠሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ በመካከለኛ ጥራት የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ተኩል ቪዲዮ ከ10 እስከ 20 ሜጋባይት ስለሚሆን የካርድ ገንዘብ አይፈጅም፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ጊዜ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል።

ድምፁ፤ ተመልካች የደበዘዘ ሥዕል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም። ከዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ መናገር ለዐይን ቢያምርም ነፋሱ ቃሉን ይወስደዋል። ስለዚህ ሥዕሉን ከአፋፉ ወስዶ ንባቡን በቤት ውስጥ ለብቻው ቀድቶ ማጋጠም ይሻላል። ባዶ ክፍል ስለሚያስተጋባ አልጋና መጋረጃ ያለበትን ክፍል መምረጥ ነው፤ ጋቢ ተከናንቦ በውስጡ ማንበብም ድምፁን ያጠራዋል። የጆሮ ማዳመጫ ላይ ያለው ማይክሮፎን ወደ አፍ ስለሚቀርብ ከስልኩ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ብርሃኑ፤ ተናጋሪው ፊቱን ወደ መስኮት ይመልስ፤ ጀርባውን ወደ መስኮት ከሰጠ ፊቱ ይጠቁራል። ከቤት ውጭ ከሆነ የጠዋቱና የማታው ፀሐይ ከቀትሩ ይመረጣል። ስልኩን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ ማስደገፍ ሥዕሉ እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳል። ለቲክቶክ ስልኩን አቁሞ፥ ለዩቲዩብና ለቴሌቪዥን ግን አጋድሞ መቅዳት ነው።

ጽሑፉ፤ የሚነገረውን ቃል በሥዕሉ ግርጌ በአማርኛ መጻፍ መስማት ለተሳነው ሰው ጥቅም አለው፤ ድምፁን ዘግቶ ለሚመለከተውም እንዲሁ። በመጨረሻ ከሁሉ የሚያስፈልገውና ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ይኸውም የመጽሐፉ ስም፥ የደራሲው ስም፥ ዋጋውና የሚገኝበት ስፍራ ነው። መጽሐፉን ከወደደ በኋላ የት እንደሚያገኘው ያላወቀ ሰው እስከ ማግሥቱ ይረሳዋል። በተለይ ለወረዳ ከተማ አንባቢ «በዚህ ሱቅ ይገኛል» ወይም «በአውቶቡስ ይላክለታል» ብሎ መንገር ከማናቸውም የውዳሴ ቃል ይበልጣል።

የተከበራችሁ ወላጆች ምናልባት «ልጆቻችንን ከንባብ ያራቀው ይኸው ስልክ አይደለምን? አሁን ደግሞ ለንባብ ይጠቅማል ትሉናላችሁን?» ትሉ ይሆናል። ፍርሃታችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ቪዲዮ ማየት ቀላል ነው፤ መጽሐፍ ማንበብ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀላሉም ነገር ከባዱን ሊያስረሳ ይችላል። አንድ ሰው ስለ ሃያ መጻሕፍት ሃያ ቪዲዮ አይቶ አንዱንም ሳያነብ «አውቃቸዋለሁ» ሊል ይችላል። ስለዚህ የመጽሐፍ ቪዲዮ ጥሩነት የሚመዘነው ስንት ሺህ ሰው አየው በሚል ብቻ መሆን የለበትም፤ ስንት ሰው ካየው በኋላ መጽሐፉን ገለጠ በሚለው መመዘን አለበት። መቶ ሰው አይቶት አሥሩ መጽሐፉን ያነበቡለት ቪዲዮ አሥር ሺህ ሰው አይቶት አንድም ሰው ካላነበበለት ይበልጣል። ስልኩ በልጆቹ እጅ ገብቷል፤ እንግዲህ ወደ መጽሐፍ የሚመራቸው ነገር በስልኩ ውስጥ እንዲገኝ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

ደራስያንም በበኩላቸው ራስን ማስተዋወቅ ነውር ይመስላቸዋል። ባህላችን ትሕትናን ስለሚወድ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብለው ዝም ይላሉ። ነገር ግን ይኸው ባህላችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎም ይመክራል። ደራሲው ስለ ራሱ ታላቅነት ከተናገረ በእርግጥ ነውር ነው፤ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ቢያነብ ግን ማንንም አያስቀይምም። እርሱ ቢያፍር እንኳ አንባቢው ስለ እርሱ ሊናገርለት ይችላል።

እዚህ ላይ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ይመጣል። ሚኒ ሚድያና የንባብ ክበብ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚበቃ ነገር በእጁ አለው። በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው የተቀመጡትን መጻሕፍት በየሳምንቱ አንድ እየመረጡ፥ በእርግጥ አንብቦ የጨረሰ ተማሪ በአንድ ደቂቃ ስለ መጽሐፉ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል። በአካባቢያችን ግጥም ጽፈው፥ ታሪክ ሰብስበው፥ ገንዘባቸውን አውጥተው ያሳተሙ መምህራንና አባቶች ሲገኙ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ሲያነብቡ መቅዳት ይቻላል። ይህ ሥራ ለደራሲው ገበያ ይሆነዋል፤ ለተማሪው ደግሞ ረጅሙን ነገር በአጭሩ መግለጥን፥ በሰው ፊት ሳያፍሩ መናገርን፥ የሰውንም መብት ማክበርን ያስተምረዋል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ አስቀድማችሁ መጽሐፉን አንብቡ፤ ቀጥላችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ከዚያም ስልካችሁን አንሡና ከጆንያው አንዲት ንጹሕ እፍኝ ለሕዝብ አሳዩ። ቀሪውን መጽሐፉ ራሱ ይናገራል።